ፍሙ ሞቷል፣ አይተሽዋል፦ ስለ ኦሲዲ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን አንዷ የሰፈራችን ልጅ "እኔ እኮ ኦሲዲ አለብኝ፣ ስኒ ተዛንፎ ካየሁ አልቀመጥም" አለች፣ ሌላዋ ቀበል አርጋ "የእህቴ ልጅ እጁን ሲታጠብ ነው ሚውለው፣ ሰይጣን ነው አሉን" አለች፣ ከጎናቸው የነበሩት እናት ደግሞ "ስራ መፍታት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው" ብለው ዘጉት። ማንም በክፋት አልተናገረም። እኔ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስት አመት ሙሉ ከዚህ ነገር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለቅሶ ላይ ተነስቶ ማስተማር ደሞ ነውር ሆነብኝ፣ ስለዚህ ያኔ የዋጥኩትን እዚህ ልፃፈው።

"ንፅህና ስለምወድ ኦሲዲ አለብኝ"

አይደለም። ንፅህና ሚወድ ሰው ቤቱን አፅድቶ ሲጨርስ ደስ ይለዋል፣ ቡናውን ይጠጣል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ሲጨርስ ደስታ የለም፣ ለአፍታ ተንፈስ ይላል ከዛ ያው ፍርሃት ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ስሙ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ነው፣ ሁለት ነገር አለው፣ አንዱ ሳትጠሩት እየመጣ ሚያስጨንቅ ሀሳብ ወይ ምስል ነው፣ ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማብረድ ሳትወዱ በግድ ምትደጋግሙት ነገር ነው። መታጠብ ሊሆን ይችላል፣ በር ማየት ሊሆን ይችላል፣ መቁጠር፣ ወይም በሆድ ውስጥ አንድን ፀሎት "በትክክል አልወጣልኝም" እያሉ እንደገና እንደገና ማለት ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የመጨረሻው ከውጪ ጭራሽ አይታይም። በቀን ከአንድ ሰአት በላይ ሲበላ ወይ ስራና ትምህርት ሲያበላሽ ነው ሀኪሞች በሽታ ሚሉት። አሜሪካ ውስጥ በተሰራ ትልቅ ጥናት ከ100 ሰው 2 ገደማው በህይወቱ አንድ ወቅት ላይ ይሄ ነገር አግኝቶታል፣ ማለትም ብርቅ በሽታ አይደለም።

"እንደዛ አይነት ሀሳብ ሚመጣበት ሰው ውስጡ ክፉ ነው"

ብዙ ሰው አፉን ዘግቶ ሚሰቃየው በዚህ ነው። ማውቃት አንዲት እናት ነበረች፣ ልጇን እያጠባች ቢላ ካየች "ብወጋውስ?" ሚል ሀሳብ ይመጣባታል፣ ከቤቱ ያለውን ቢላ በሙሉ ጎረቤት ወስዳ አስቀመጠች፣ ሽንኩርት እንኳን ጎረቤት ነበር ሚከተፍላት። ሌላው ደሞ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ስለ ታቦቱ አፍ አውጥቶ ማይነገር ስድብ በጭንቅላቱ ያልፋል፣ ቤተክርስቲያን መሄድ ተወ። ሁለቱም "እኔ ሰው አይደለሁም" ብለው ደምድመው ነበር።

አሁን እውነታውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1978 ስታንሊ ራክማንና ፓድማል ደ ሲልቫ ሚባሉ ተመራማሪዎች ምንም በሽታ የሌለባቸውን ሰዎች እንደዚህ አይነት ያልተፈለገ ሀሳብ ይመጣባችኋል ወይ ብለው ጠየቁ፣ ከ100 ሰው 80 ገደማው አዎ አለ። ሀሳቦቹም ከታማሚዎቹ ሀሳብ ጋር ተቀላቅለው ሲቀርቡ ለመለየት ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደሞ በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠይቀው 94 በመቶው ባለፉት ሶስት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ እንደዛ አይነት ሀሳብ መጥቶብኛል ብለዋል። ስለዚህ ሀሳቡ ሁላችንም ጋ አለ፣ ልዩነቱ ከመጣ በኋላ ምን ትርጉም ሰጠነው ነው። ፖል ሳልኮቭስኪስ ሚባል የስነልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 የፃፈውም ይሄንኑ ነው፣ አንዱ ሰው "ኧረ ምን አይነት ሀሳብ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው ግን "ካሰብኩት ላደርገው ነው፣ ካልተጠነቀቅኩ ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ሃላፊነቱን በሙሉ ይሸከመዋል። ያቺ እናት ቢላውን ያወጣችው ልጇን ስለምትወድ ነው፣ ሀሳቡ ከምንም በላይ ምትፈራው ነገር ላይ ስለመጣባት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ሰውየው ድምፅ ሚሰማ ከሆነ፣ "አድርገው" ብሎ ሚያዘው ነገር ካለ፣ ወይም ሀሳቡ ትክክል ነው ብሎ ካመነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በተለይ አራስ ከሆነች ቀን ሳይሰጥ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።

"ከጭንቅላትሽ አውጪውና አታስቢው"

ዳንኤል ዌግነር ሚባል የስነልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገራቸው፣ ካሰባችሁ ደወል ምቱ አላቸው፣ ደወሉ እየደጋገመ ጮኸ። በኋላ አሁን ማሰብ ትችላላችሁ ሲባሉ ደሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስቡ ከተባሉት ሰዎች በላይ አሰቡት። እስቲ እናንተም ጓሳ ያለውን ጭላዳ ዝንጀሮ አሁን አታስቡ።

"እርግጠኛ እንዲሆን ደግሞ ይየው፣ እኛም እናረጋግጥለት"

ብዙ ላወራበት ምፈልገው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም በፍቅር ሚደረግ ስህተት ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከተማዋ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ያለ ከሰል ማታ መቀመጥ ይከብዳል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገልም ሁሉም ያውቃል፣ ጭሱ ሳይታይ ነው ሚገለው። የኔ ፍርሃት ከዚህ እውነት ነው የተነሳው። ማታ ሶስት ሰአት ላይ ምድጃውን ደጅ አወጣለሁ፣ ውሃ እረጭበታለሁ፣ ጭስስስ ብሎ ይጠፋል፣ አመዱን በእንጨት እበትነዋለሁ፣ መዳፌን አቅርቤ እለካዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ገብቼ በሩን ዘግቼ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። "ከስር የቀረ ፍም ካለስ? ንፋስ ቢያነሳውስ?" እነሳለሁ። አራተኛው አምስተኛው ላይ በሞባይል መብራት የረጠበ ጥቁር ከሰል ላይ አፍጥጬ፣ ጥቁር መሆኑን እያየሁ፣ ጣቴን ከትቼ እየነካሁ፣ ያየሁትን ግን ማመን አልችልም። አስራ አንድ ጊዜ የተነሳሁበት ሌሊት አለ፣ ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘው ሙቀት ራሱ መለየት አቃታቸው። መጨረሻ ላይ እናቴን እቀሰቅሳለሁ፣ "እማዬ ፍሙ ሞቷል አይደል?" "ሞቷል ልጄ፣ አይተሽዋል፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ተኚ በቃ።" ያ መልስ አስር ደቂቃ ያቆየኛል፣ ከዛ "እማዬ ግን በደንብ አይታዋለች?" ይመጣል።

ሰው ሁሉ ሚመስለው ደጋግሞ ማየት እርግጠኛ ያደርጋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች፣ ማርሴል ቫን ደን ሀውትና ሜረል ኪንት፣ ይሄንን ፈተኑት። ጤነኛ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ የተሳለ የጋዝ ምድጃ እየከፈቱ እየዘጉ እንዲያረጋግጡ አደረጉ፣ አንዱ ቡድን ምድጃውን ሀያ ጊዜ ደጋገመ፣ ሌላው ቡድን በመሃል ምድጃውን ትቶ አምፖል ሲያረጋግጥ ቆየ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ስለ ምድጃው ተጠየቁ። ሁለቱም ቡድን በትክክል ያስታውሳል፣ ነገር ግን ምድጃውን ሀያ ጊዜ ያዩት ትዝታቸው ደብዝዞባቸው ነበር፣ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ወርዶ ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚህ ምንም በሽታ የሌለባቸው ልጆች ናቸው። ማየቱ ራሱ ነው ጥርጣሬውን ሚወልደው። ይሄን ያስረዱኝ ቀን አለቀስኩ፣ ምክንያቱም አምስት አመት ሙሉ የማስታወስ ችሎታዬ ተበላሸ ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚህ ተነስታችሁ የቤተሰቡን ነገር እዩት። "አዎ ቆልፈሃል"፣ "አዎ ታጥበሻል፣ ንፁህ ነሽ"፣ ለሱ ብሎ በር ማየት፣ ለሷ ብሎ ሳሙና በካርቶን መግዛት፣ እንግዳ እንዳይነካባት ወንበር መሸፈን፣ ሁሉም እሳቱ ላይ ከሰል መጨመር ነው። መቆጣትም አይረዳም፣ "አብደሻል እንዴ" ሚባል ሰው ተደብቆ ያደርገዋል እንጂ አይተውም። እናቴን ቴራፒስቷ ያስተማረቻት መልስ አጭር ነበር፣ "ልጄ፣ እንደጨነቀሽ አይቻለሁ፣ ይሄን ጥያቄ ግን አልመልስም፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።" እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ከኔ በላይ አለቀሰች፣ ልጇን እንደጨከነችባት ነበር የተሰማት።

"መንፈስ ነው፣ መድኃኒት ከጀመረ ፀበሉ አይሰራለትም"

እኔ የፃድቃኔ ማርያምም የሸንኮራ ዮሐንስም ፀበል ተጠምቄያለሁ፣ ዛሬም እሄዳለሁ፣ እምነቴን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ግን ፀበልና ህክምና ምን አጣላቸው? የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ይሄው ክርክር ነበር፣ ብዙ ሰው ኪኒኑን ጥሎ ፀበል ገባ፣ በ1999 ዓ.ም ራሳቸው ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ተናግረዋል። ለዛ ከሆነ ለዚህስ?

በዛ ላይ በሽታው በእምነት ውስጥም ይደበቃል። በሳምንት አራት ጊዜ ንስሐ አባቱ ጋ ሄዶ ያንኑ ሀሳብ ሚናዘዝ ሰው ንስሐ እየገባ አይደለም፣ እኔ ፍሙን እንደማየው እያየ ነው። ብዙ ንስሐ አባቶች ይሄን ከማንም በፊት ያስተውሉታል፣ "አንዴ ነግረኸኛል በቃ" ሚል አባት ትልቅ እርዳታ ነው የሚሰጠው። ሸዋ ሮቢትና ይፋት በኩል ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ደሞ ወስዋስ ይሉታል፣ ውዱእ (ከሰላት በፊት ያለውን መታጠብ) ሲያደርግ ተበላሸብኝ እያለ ለሚደጋግም ሰው ዑለማዎቹ ከጥንት ጀምሮ ሚመክሩት አትከተለው፣ ሰላትህን ቀጥል ብለው ነው።

አካላዊ ነገር እንዳለውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሉዊስ ባክስተር ሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ታማሚዎችን ከህክምና በፊትና በኋላ ጭንቅላታቸውን አንስተው ነበር፣ ኮዴት ሚባለው የአንጎል ክፍል ከመጠን በላይ ሲሰራ የነበረው በተሻላቸው ሰዎች ላይ ቀነሰ። ፍሉኦክሰቲን ሚባለውን ኪኒን የወሰዱትም፣ ያለ ኪኒን በቴራፒ ብቻ የታከሙትም ላይ ነው የታየው።

"ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል"

ብዙ ጊዜ ሚጀምረው በልጅነትና በጉርምስና ነው። ደብተሩን እስኪቀደድ እየሰረዘ እንደገና ሚፅፍ ተማሪ ካያችሁ ከመምታት በፊት ጠይቁት።

"አይድንም፣ ኪኒኑም ሱስ ያስይዛል"

ድሮ ሀኪሞችም እንደዛ ነበር ሚያስቡት። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ሜየር ሚባል የስነልቦና ባለሙያ ለንደን ውስጥ ሁለት ሴቶችን በአዲስ መንገድ ሞከረ፣ አንዷ መታጠብ ያሰቃያት ነበር፣ ሌላዋ ያው የስድብ ሀሳብ ነበረባት። ሚፈሩትን ነገር እንዲቀርቡት፣ ከዛ ማብረጃውን ድርጊት እንዳያደርጉ አደረገ፣ ሁለቱም በጣም ተሻላቸው። ዛሬ ኢአርፒ ሚባለው ቴራፒ ከዚህ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤድና ፎኣ ሚሏት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ባወጡት፣ 122 ሰዎችን ይዞ በተሰራ ጥናት ቴራፒውን እስከ መጨረሻ ከጨረሱት 86 በመቶው ተሽሏቸዋል፣ ክሎሚፕራሚን ሚባለውን ኪኒን ብቻ ከወሰዱት 48 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው 10 በመቶ። አቋርጠው የወጡት ሲቆጠሩ የቴራፒው ወደ 62 ይወርዳል፣ ምክንያቱም ከባድ ነው፣ ከባድ አይደለም ብዬ አልዋሽም።

እንዴት እንደሚሰራ በኔ ላይ ልንገራችሁ። ፍርሃቶቼን ከ0 እስከ 100 ነጥብ ሰጥተን እንደ መሰላል ደረደርናቸው። ታችኛው ደረጃ ላይ ውሃ አንዴ ረጭቼ ገብቼ መቀመጥ ብቻ ነበር፣ ተነስቼ አላይም፣ አልጠይቅም። የመጀመሪያው ማታ ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ላይ ይሰማኝ ነበር፣ አንድ ሰአት ከሩብ ቆየ፣ ከዛ ሳላየው ራሱ ወረደ። በሶስተኛው ሳምንት ሀያ ደቂቃ አልሞላም። ማንም ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተሽ ተኚ አላለኝም፣ ቴራፒው አደጋ ውስጥ መግባት አይደለም፣ ማንኛውም ሰው ሚያደርገውን ጥንቃቄ አንዴ አድርጎ ጥርጣሬውን ይዞ መቀመጥ ነው።

ለኦሲዲ ሚታዘዘው ኪኒን ሱስ አያስይዝም። ፍሉኦክሰቲን እኛም አገር ይታዘዛል፣ ግን ለኦሲዲ ከድብርት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል፣ ለውጡም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ሰው በሶስተኛው ሳምንት "አልሰራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። በድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም፣ ሀኪም ቀስ እያለ ነው ሚቀንሰው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥተው ላኩኝ፣ እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝ ከማለት ውጪ ስለ ፍሙ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር፣ አፍሬ። ሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ ማታ ማታ ማደርገውን በሙሉ የደብተር ወረቀት ላይ ፃፍኩት፣ አራት አጥፌ ያዝኩት፣ ለ130 ኪሎሜትር እጄ ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። ዘርግታ አነበበችው፣ አልደነገጠችም፣ ቀና ብላ "እሺ፣ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ?" አለችኝ።