ብዙ ሰው ማወቅና መሃል መገኘት

የኔትወርክ (የሰዎች የግንኙነት መረብ) ትንተና ግሩፓችን ላይ በየሳምንቱ ዞራ የምትመጣ ጥያቄ ናት፦ አንድ ሰው መረቡ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚለኩት «ዲግሪ»ና «ቢትዊንነስ» አንድ አይደሉም እንዴ? አይደሉም። ዲግሪ ቆጠራ ነው፤ ከስንት ሰው ጋር ትገናኛለህ፣ አለቀ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሊንተን ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው ቢትዊንነስ ግን ሌሎች እርስ በርስ የሚደራረሱበት አጭሩ መንገድ ስንቴ በአንተ በኩል እንደሚያልፍ ይለካል።

የድሬዳዋ የስልክ ጥሪ መዝገብ ይዘናል እንበል። ቀፊራ 6 ነጋዴዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ይደዋወላሉ፤ ከዚራ ያሉ 3 ባለሱቆችም እንደዚያው። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ የሚያሻግር አንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ አለ፤ የሚደዋወለውም ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ ደንበኛ ጋር ነው። የነጂው ደንበኛ ያልሆነችው የቀፊራ ሽንኩርት ሻጭ ዲግሪዋ 5፣ ቢትዊንነሷ 0፤ ማንም ማንን ለማግኘት በእሷ በኩል አያልፍም። የነጂው ዲግሪ 2 ነው፣ ቢትዊንነሱ ግን 6 ሲባዛ በ3፣ 18! ስልኩን የዘጋ ዕለት ሁለቱ ሰፈሮች ተቆራረጡ።

ስሌቱ ይኸው ነው። ኔትወርክኤክስ የሚባለው የፓይተን ማስሊያ 18ን 0.5 ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ ሊሆን ለሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ለ36፣ አካፍሎት ነው።

የሚለያየው «ግንኙነት» የሚባለው ነገር ነው። ለአንዱ አጥኚ አንድ ጥሪ ይበቃዋል፣ ሌላው በወር ሦስት ካልሆነ አይቆጥርም፤ ውጤቱም አብሮ ይገለባበጣል። ደግሞ ሽንኩርት ሻጯ አመሻሽ ላይ ከዚራ ተሻግራ ቡና ብትጠጣ፣ መዝገቡ አያያትም።