«ለዱብልቼ የተወለደ ክዋርቼ አይሆንም»፦ የሆላንዶች አባባልና ትርጉሙ

ሆላንዶች ስለ ድሃ ልጅ ዕድል ሲያወሩ የሚያነሷት አባባል አለች፦ «ለዱብልቼ የተወለደ መቼም ክዋርቼ አይሆንም።» ዱብልቼ የድሮው የ10 ሳንቲም፣ ክዋርቼ ደግሞ የ25 ሳንቲም መጠሪያ ነው። ከዝቅተኛ ቤት የወጣ ሰው ቢለፋም ቢደክምም እዚያው ነው ማለታቸው ነው። ጨካኝ አባባል ናት።

ዱብልቼ የቆየ ሳንቲም ነው። ክዋርቼ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1816 ጊልደር (የአገሪቱ የድሮ ገንዘብ) በ100 ሳንቲም እንዲከፈል በሕግ ከተወሰነ በኋላ ነው። ስለዚህ አባባሏ በዛሬ መልኳ ከዚያ ዘመን አትቀድምም። በ2002 ዩሮ ሲገባ ሁለቱም ሳንቲሞች ከገበያ ወጡ። ዩሮ የ25 ሳንቲም እንኳ የለውም፤ አባባሏ ግን ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋችም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ሁለቱም ኒኬል ናቸው። ሁለቱም ላይ ያለችው ያችው ንግሥት ቢያትሪክስ ናት። ዱብልቼ ከዳር እስከ ዳር 15 ሚሊ ሜትር፣ ክዋርቼ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የሚወስነው የሚቆርጠውና የሚያትመው ክፍል ነው። ለእኔ የአባባሏ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ሆላንድ ውስጥ ይህን ሥራ በብዛት የሚሠራው ትምህርት ቤት ነው። ልጅ በ12 ዓመቱ ግድም፣ የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ በሆነው ስምንተኛው ክፍል ላይ፣ ወደ የትኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘርፍ እንደሚገባ የመምህራኑ «ምክር» ይሰጠዋል። ፈምቦ (VMBO) የተባለው ዘርፍ 4 ዓመት ነው፤ ወደ ሙያ ትምህርት ይወስዳል። ሃቮ (HAVO) 5 ዓመት ነው። ፈቮ (VWO) 6 ዓመት ሲሆን ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። የአገሪቱ የትምህርት ኢንስፔክሽን በ2016 ባወጣው ሪፖርት እኩል ችሎታ ካላቸው ልጆች መካከል ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩት ዝቅ ያለ ምክር እንደሚሰጣቸው ገልጿል። ብረቱ አንድ፣ ማኅተሙ ሌላ። የደላው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፣ መምህሩንም ይሞግታል። ደችኛው ያላለቀለት ስደተኛ ወላጅ ግን «መምህር ያለው ነው» ብሎ እጅ ነስቶ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ለመምህር ያለን አክብሮት ልጃችንን ሊጎዳ አይገባም።

ደግነቱ አባባሏ የምትለው ሁሌ አይሠራም። ሆላንዶች ራሳቸው ከታች ተነስቶ የተሳካለትን ሰው «ከዱብልቼ ክዋርቼ ሆነ» ይሉታል። መንገዱም አለ። «ስታፕለን» ይባላል፤ ደረጃ በደረጃ መደራረብ ማለት ነው። ልጁ ከፈምቦ የላይኛው ዘርፍ ወደ ሃቮ፣ ከሃቮ ወደ ፈቮ ይወጣል። ሁለት ዓመት ይረዝምበታል እንጂ ይደርሳል። ከ2020 ጀምሮ ከፈምቦ ወደ ሃቮ መሻገር በሕግ መብት ሆኗል፤ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት መውሰድ ግን ሊጠየቅ ይችላል።

እዚያ ያላችሁ ወላጆች ይህችን ያዙልኝ። የመጀመሪያው ምክር የሚሰጠው በፈረንጆቹ ጥር ወር ነው። በዚያው ጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ልጁ «ዶርስትሮምቱትስ» የተባለውን ፈተና ይወስዳል። ውጤቱ ከምክሩ ከበለጠ ትምህርት ቤቱ በመርህ ደረጃ ምክሩን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ካነሰ ግን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ከፍ ካላደረጉት ምክንያቱን ጠይቁ፤ የመጨረሻው ምክር የሚታወቀው እስከ መጋቢት 24 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር።