መድኃኒት በስሕተት ደም ቅዳ ውስጥ ሲወጋ

በደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልስ ሥር) ሊሰጥ የታሰበ መድኃኒት በስሕተት ወደ ደም ቅዳ (ደምን ከልብ ወደ አካል ወደሚወስድ ሥር) መግባቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን ጣት፣ ባስ ሲልም ክንድ ሊያሳጣ ይችላል። ደም መልስ ወደ ልብ በተጠጋ ቁጥር ስለሚሰፋ የተወጋው መድኃኒት በብዙ ደም ይቀጥናል። ደም ቅዳ ደግሞ ወደ ጣት ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳልና ያው መድኃኒት ብዙም ሳይቀጥን እጅግ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ዘንድ ይደርሳል።

አደጋው በብዛት የሚደርሰው ክርን መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ ለመርፌ የሚመረጠውን ደም መልስ ከሥሩ ካለው ደም ቅዳ የሚለየው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ደም ቅዳው ራሱ ላይ ላዩን፣ ከቆዳው ሥር ይገኛል። ከመርፌው በፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ ከጠበቀ የደም ቅዳው ትርታ ስለሚጠፋ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ መጀመሪያ በጣቱ ዳስሶ ነው የሚያስረው። ፈክቶ የቀላና በትርታ የሚመለስ ደም መርፌው ደም ቅዳ ውስጥ የመግባቱ ምልክት ነው፤ የደም ግፊቱ በወደቀ ወይም ኦክስጅን ባነሰው ሕመምተኛ ላይ ግን ይህም ያታልላል።

ብዙ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1934 ሥራ ላይ ስለዋለው የማደንዘዣ መድኃኒት ስለ ታዮፔንታል ነው። በ1943 በኦክስፎርድ የማደንዘዣ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ሮበርት ማኪንቶሽ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ላንሴት መጽሔት ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የማደንዘዣ ሙያ የገዛ ቤቱን ጉድ ራሱ አደባባይ ማውጣቱ ሊመሰገንበት ይገባል። የታዮፔንታል ፒኤች (የአሲድነት ወይም የአልካሊነት መለኪያ) ከ10 በላይ ሲሆን የደም 7.4 ገደማ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲገባ ይረጋና ደቃቅ ክሪስታል ይሆናል፤ ክሪስታሉ ትንንሾቹን ሥሮች ይደፍናል፣ ግድግዳቸው ይቆስላል፣ ደም ይረጋል። ቀድሞ ጥፋቱ ሁሉ ለአልካሊነቱ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ዋናው ክሪስታሉ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የማያከራክረው 5 በመቶው ብጥብጥ ከ2.5 በመቶው የከፋ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ምርቱ በ2011 ቢቆምም በአገራችን የቀዶ ጥገና ክፍሎች ኬታሚንና ፕሮፖፎል ከተባሉት ሌሎች ማደንዘዣዎች ጎን ሲያገለግል ቆይቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ የታሪክ ብቻ አይደለም።

ሕመምተኛው ነቅቶ ከሆነ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ እሳት የለቀቁበት ያህል ይጮኻል። እጁ ይነጣል፣ ቆይቶም ይጠቁራል። የእጅ አንጓው ትርታ መሰማቱ ሊያዘናጋ አይገባም፤ የተደፈኑት ከእሱ በታች ያሉት ናቸው። የተኛ ሕመምተኛ ግን አይጮኽም።

በሕግ ዓለም የታወቀው የዳያና ሌቪን ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የቬርሞንቷ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ2000 ለማይግሬን (ብርቱ ራስ ምታት) ሕክምና ሄዳ ፕሮሜታዚን የተባለ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ተወጋች፤ መድኃኒቱ ደም ቅዳ ውስጥ ገባ፣ መጀመሪያ እጇ፣ ቀጥሎም ክንዷ ከክርን በታች ተቆረጠ። አምራቹ ዋየዝ «የመድኃኒቱን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ መንግሥት አጽድቆልኛል» ብሎ ቢከራከርም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 በ6 ለ3 ድምፅ ለእሷ ፈረደ። በዚያው ዓመት የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መድኃኒቱ ላይ በሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዘዘ።

ፕሮፖፎል ብርቱ ሕመም ያስከትላል እንጂ ዘላቂ ጉዳቱ ብዙ አይደለም። በእንግሊዝ ሱሰኞች ቴማዜፓም የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ጄል እያቀለጡ ሲወጉ እጅና እግራቸውን አጥተዋል። የጡንቻ መርፌም ነፃ አይደለም፤ ለልብ ሩማቲዝም ሕመምተኞቻችን በየወሩ የሚወጋው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ደም ቅዳ ካገኘ መቀመጫ ላይ ቆዳውንና ሥጋውን ሊገድል ይችላል።

ሲጠረጠር መርፌው ወዲያው ይቆማል፤ ካኑላው (ሥሩ ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ግን አይነቀልም። ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ የሚያስነቅለው ነው፤ ነገር ግን ማዳኛውን እዚያው ቦታ ማድረስ የሚቻለው በእሱ ነው። ጨዋማ ፈሳሽ፣ ሕመም የሚያደነዝዘው ሊዶኬይን፣ ሥር የሚያሰፋው ፓፓቨሪን ይሰጥበታል፤ የደም መርጋትን የሚከላከለው ሄፓሪን ይጀመራል፤ እጁ ከፍ ይላል፤ አንዳንዶች የእጁ ሥሮች እንዲሰፉ የአንገትን የነርቭ ጉብታ ያደነዝዛሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ሐኪሞች አልተስማሙም፤ ሁሉም በጥቂት ሕሙማን ልምድ ላይ የቆመ ነውና። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደም ግፊት ለመለካት ሆን ተብሎ ደም ቅዳ ውስጥ የሚገባው መስመር ቀይ ምልክት የሚለጠፍበት፣ ለሊቱን ተረኛ ሆኖ የገባ ነርስ መድኃኒት እንዳይሰጥበት ነው።