የጎራዴ ዝገት ማስለቀቅና ውልወላ በጣና ዳር

ጎራዴ ውልወላ የዛገን ብረት ከዝገቱ አላቆ ጸዳሉን መመለስ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከአያት የወረደ ጎራዴ ያለው ቤተሰብ ሥራውን የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 23 ወይም ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ነው። ለፉከራ የሚመዘዝ ጎራዴ ከአፎቱ አልወጣም ሲል ያሳፍራል።

ሾተል የሚባለው የጎራዴ ዓይነት እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው፤ ጋሻን አልፎ ለመውጋት እንደተሠራ ይነገራል። ነገሥታቱ በሐይቁ ዙሪያ በከተሙበት ዘመን ብረት ቀጥቃጮቹ ባለእጆች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ብረቱ ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመኗ ዞሊንገን ይገባ ጀመር። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱ ከአገር ቆዳ እዚሁ ይሠራለት ነበር። በአንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳና የግእዝ ጽሑፍ በአሲድ ተቀርጿል። ቅርጹ ስስ ስለሆነ አንድ ቀን ያለ ጥንቃቄ መፈተግ ያጠፋዋል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ መዋጋቱ የታወቀ ነው። ዛሬ «የዓድዋ ጎራዴ» የሚባለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው ማለት ባይቻልም፣ ጥቂቱ መሆኑ አያጠራጥርም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሲሆን፣ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሆኖም የብረቱ ዋና ጠላት አፎቱ ነው። ቆዳው እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲለፋ የቀረበት አሲድም ብረቱን ይበላል።

መጀመሪያ ብረቱ ላምባ ወይም ቀጭን ዘይት ተቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የቀንድ እጀታ ካለው በላስቲክ ይጠቀለላል። የላላው ዝገት በመዳብ ቁራጭ፣ በአጥንት ወይም በቀርከሃ ስንጥር ይፋቃል። ለቀሪው 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ይርሳል፤ ከዚያ 1000፣ ከዚያ 2000። አፈታተጉ ሁልጊዜ በርዝመቱ ነው፤ አግድም የሄደ ጭረት ከሩቅ ይታያል። የፊተኛው ቁጥር ጭረት ሳይጠፋ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ትርፉ ድካም ነው። ጎድጉዶ የተበላው ቦታ አይመለስም፤ እሱን አጠፋለሁ የሚል ብረቱን ያቀጥነዋል።

ቀዩ ዝገት መነሳቱ አያከራክርም። ጥቁሩን ግን ቅርስ ጠባቂዎች ብረቱን ይሸፍናል ብለው ይተዉታል፤ ባለቤቶች ደግሞ መስታወት የመሰለ ጎራዴ ይወዳሉ። የቅርስ ጠባቂዎቹ ሐሳብ ሳያመዝን አይቀርም። ሎሚና አመድ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ሎሚው ዝገቱን ሲጨርስ ወደ ብረቱ ያልፋል። ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ማስፈተግ ግን ጥፋት ነው፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ካለ ጥንካሬው ላልቷል።

በመጨረሻ በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት ወይም ንጹሕ ሰም በስሱ ይቀባል። ቅቤና ሞራ ውለው ሲያድሩ ይኮመጥጣሉ፤ የኑግ ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ ጎራዴውን ከአፎቱ ያጣብቃል። በክረምት ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጣሉ። በባዶ እጅ የተነካ ብረት ላብ ስለሚቀርበት፣ ከፉከራው መልስ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።