የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ካርቡሬተር እጥበት በጅማ

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚልክ ክፍል ነው። የካርቡሬተር እጥበት በቤንዚን ዝቃጭ፣ በዘይት፣ በውሃ ወይም በአቧራ የተደፈነ ካርቡሬተርን ፈትቶ፣ አጥቦና በአየር ነፍቶ መልሶ የመግጠም ሥራ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ሰቃ፣ ዴዶና ሰርቦ የሚመላለሱ አሮጌ ያማሃ፣ ሱዙኪና ሆንዳ ሞተሮች ደጋግመው የሚፈልጉት ጥገና ነው።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው የመኪና መንገድ አስገብተዋል። ሞተር ሳይክል ወደ ገጠሩ የዘለቀው ግን በኋላ፣ በግብርና፣ በወባ መከላከልና በጤና ሠራተኞች እጅ ነው። ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ሁለቱም ባለ ሁለት ስትሮክ (ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር) ሲሆኑ ዘይትን በራሱ ፓምፕ ወደ ሞተሩ የሚልክ አሠራር ነበራቸው። ዘይቱ ከካርቡሬተሩ ቋት (ቤንዚን ከሚጠራቀምበት ጽዋ) ውስጥ ስለማይገባ ቋቱ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይይዛል። ፓምፑ ሲደክም ነቅሎ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ መቀላቀል ተለመደ፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ሞተሩ ለሳምንታት ሲቆም ቤንዚኑ ይተንና ዘይቱ ከታች ይቀራል፤ ቡናማና የሚያጣብቅ ሽፋን ሆኖም ትንሿን ጂግለር (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ ነዳጅ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የነሐስ ክፍል) ይደፍናል። የዚህች ጂግለር ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው።

የጅማ አየር ለዚህ አይመችም። ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ውሃ በነዳጅ ክዳኑ ይሰርጋል፤ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚንም ውሃና ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቋቱ ሲፈታ ነዳጁን በንጹሕ ብርጭቆ ማየት ይበቃል፤ ውሃው ቤንዚኑ ውስጥ ሳይቀላቀል ከታች ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። በበጋ ደግሞ የቀይ አፈሩ አቧራ የአየር ፊልትሮውን አልፎ ይገባል።

ጥሩ መካኒክ ሳይፈታ ምልክቱን ያነባል። ሞተሩ በቾክ ብቻ ተነስቶ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) የሚጠፋ ከሆነ የተደፈነችው ትንሿ ጂግለር ናት። ሚኒሞው ደህና ሆኖ ጋዝ ሲሰጠው የሚታፈን ከሆነ ዋናዋ ጂግለር ትጠረጠራለች። ከቋቱ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቋቱ ሲሞላ ቤንዚኑን የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ መቀመጫው ላይ አልገጠመም ማለት ነው። ካንዴላውም (ነዳጁን የሚለኩሰው ክፍል) ይናገራል፦ እርጥብ ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ደረቅ ከሆነ አልደረሰም።

ሲፈታ የመጀመሪያው ጥንቃቄ በሚኒሞ የሚገባውን አየር የሚያስተካክለው የአየር ብሎን ነው። ከመነቀሉ በፊት ቀስ ብሎ እስኪነካ ድረስ ይጠብቅና ዙሩ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዙር ነው። ይህን ሳይቆጥር የሚነቅል ሰው ኋላ በግምት ይሠራል። ከዚያ ተንሳፋፊውና የጎማ ክፍሎቹ ተለይተው ይወጣሉ፤ ቤንዚን ውስጥ የሰነበተ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያብጣልና ቶሎ አውጥቶ ማድረቅ ይገባል። የነሐስ ክፍሎቹ በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን ይነከራሉ፣ በጥርስ ብሩሽ ይታጠባሉ፤ በመጨረሻም ጎሚስታ ቤት ባለ ኮምፕሬሰር ይነፋሉ። አየሩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ወገን መውጣቱን በጣት ማረጋገጥ የሥራው ግማሽ ነው።

ቀዳዳውን በሽቦ መውጋት ያከራክራል። በብረት ሽቦ መውጋት ግን ፈጽሞ ስህተት ነው፤ ነሐሱን ይፍቅና ቀዳዳውን ያሰፋል። በኬሂን ካርቡሬተር 100 ቁጥር ጂግለር ማለት 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስለሆነ ትንሽ መፋቅ እንኳ ቁጥሩን ይለውጣል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች ቀጭን የመዳብ ክር ያን ያህል አትጎዳም የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን ከመንከርና ከመንፋት ሌላ አይቀበሉም። 

ከፍታውም አብሮ ይታሰባል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በፋብሪካው ልክ የተገጠመ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ጋዝ ሲሰጥ ከፍ የሚለውን የረጅሙን መርፌ ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ አንስቶ መርፌውን ዝቅ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ለጅማ የተስተካከለ ባለ ሁለት ስትሮክ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ነዳጅ ሊያንሰው፣ ፒስቶኑም በሙቀት ተጣብቆ ሊነክስ ይችላል።

ዛሬ ከተማዋን የሞሉት ቦክሰርና ቲቪኤስ የሚባሉ ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ቋታቸው ዘይት ስለማያይ በዚያ አይቸገሩም፤ ውሃና አቧራ ግን አይለያቸውም። ማስተካከያ ብሎኑ በሞተሩ ወገን ከሆነ ደግሞ የሚቆጣጠረው ነዳጅን ነው፤ ሲላላ ነዳጅ ይጨምራል። በአሮጌው ዲቲ የአየር ብሎን ግን ማላላት አየር መጨመር ስለሆነ፣ እጁን በዲቲ ያሠለጠነ መካኒክ ቦክሰር ሲያስተካክል አቅጣጫውን መገልበጥ አለበት።