ኦሳካ፦ ሳናውቃት የምናውቃት ከተማ

ስልኬ ላይ ካሉት የኦሳካ ፎቶዎች ግማሾቹ የምግብ ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ማታ የተነሱ ናቸው፤ የመብራት ማስታወቂያ፣ ግርግር፣ ውሃ ላይ የሚንቀጠቀጥ ቀለም። ያየ ሁሉ "ቶኪዮ ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም። ጃፓን ሲነሳ ሰው ቶኪዮ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ለቤተ መቅደሶቹ ሲል ኪዮቶ ይሄዳል፤ ኦሳካን ይዘላታል። በአማርኛ ሰብሰብ ያለ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ከፎቶዎቼ፣ ከሙዚየም ከለቃቀምኳቸው በራሪ ወረቀቶችና ከአትሌቲክስ ትዝታዬ ይህን አጠናቀርኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ያለችው በሆንሹ ደሴት፣ የዮዶ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ሜዳ ላይ ነው። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል። ነዋሪዋ ወደ 2.8 ሚሊዮን ይጠጋል። በቁጥር ከቶኪዮና ከዮኮሃማ ቀጥላ ሦስተኛ ናት፤ በንግድና በወግ ግን ከቶኪዮ ቀጥሎ የምትጠራው እሷ ናት፤ ይህን ለመቀበል እኔ አልተቸገርኩም።

የጥንቱ ስሟ ናኒዋ ነው። ሺቴንኖጂ የተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ በ593 እንደተመሠረተ ይነገራል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ለጥቂት ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ መቶ ዓመታት በራሪ ወረቀቶቼ ዘለዋቸዋል።

እውነተኛው ታሪኳ የሚጀምረው በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነው። ከተራ ቤተሰብ ተነስቶ አገሩን በሙሉ የጠቀለለ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱን በ1583 ማሠራት ጀመረ። እሱ ከሞተ በኋላ ሥልጣኑን የወሰዱት የቶኩጋዋ ቤተሰብ ገዥዎች በ1615 ከበው አፈረሱት። መልሰው ሠሩት፤ በ1665 ዋናውን ግንብ መብረቅ መታው፤ ተቃጠለ። ዛሬ ፎቶ የሚነሳው በ1931 በኮንክሪት የተሠራው ነው። ውስጡ ሊፍት አለው። ሊፍቱን ሳይ ትንሽ ቅር አለኝ፤ የመሠረቱን ድንጋዮች ሳይ ግን ተካስኩ። ከአንድ ክፍል ግድግዳ የሚተልቅ ድንጋይ አለ። በጀልባ ነው ያመጡት።

በቶኩጋዋ ዘመን ኦሳካ "የአገሪቱ ማድ ቤት" ተባለች። ያኔ ግብር የሚከፈለው በሩዝ ነው። መሳፍንቱ ከየግዛታቸው የሰበሰቡትን ሩዝ ኦሳካ ባሉት መጋዘኖቻቸው ያራግፉና በጥሬ ገንዘብ ይለውጡታል። መጋዘኑ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ነጋዴው ከሩዙ ይልቅ ደረሰኙን ይሸጣል፣ ይገዛል። ከዚያም ወደፊት ለሚረከቡት ሩዝ ዛሬ ዋጋ መቁረጥ መጣ። የሾጉኑ (የቶኩጋዋው ወታደራዊ ገዥ) መንግሥት በ1730 የዶጂማን የሩዝ ገበያ በይፋ ፈቀደ። ብዙዎች በዓለም የመጀመሪያው የተደራጀ የወደፊት ግብይት ገበያ ይሉታል። ጦረኛው ሳሙራይ ሰይፍ ታጥቆ ይኮፈሳል እንጂ በሩዝ የሚከፈለው የደመወዙ ዋጋ የሚቆረጠው ኦሳካ ነጋዴ ዘንድ ነበር። የነጋዴው ጠባይ እስከ ዛሬ አለ። የድሮ ኦሳካዎች ሰላምታ "ሞካሪማካ?" ነው፤ "ትርፍ አለ ወይ?" ማለት ነው። መልሱ "ቦቺቦቺ ደንና" ሲሆን ከእኛ "ምንም አይል" ጋር አንድ ነው።

ዶቶንቦሪ የሚባለው የፎቶዎቼ ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1615 ተቆፍሮ ካለቀ ቦይ ነው። ያስቆፈረው ነጋዴ ዶቶን ይባላል። የቤተሰብ ስሙ ግን ያከራክራል፤ ድሮ ያሱይ ነው ይባል ነበር፤ በኋላ ናሪያሱ ነው የሚሉ በርትተዋል። ቦዩ ላይ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት ማስታወቂያ አለ፦ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚገባ ሯጭ። የግሊኮ ከረሜላ ነው። መጀመሪያ የተተከለው በ1935 ሲሆን የአሁኑ በ2014 የበራው ነው። እንደ ሯጩ እጄን ዘርግቼ የተነሳሁት ፎቶ አለ፤ ከኋላዬ 30 ሰው እንዲሁ ዘርግቷል።

በ1985 የሃንሺን ቤዝቦል ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ደጋፊው እዚሁ ቦይ ውስጥ ዘለለ። የኬንታኪ ዶሮ ቤትን የሽማግሌ ሐውልትም፣ ጢሙ የቡድኑን አሜሪካዊ ኮከብ ይመስላል ብለው ወረወሩት። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ዋንጫ ሲርቀው "ሽማግሌው ረግሞን ነው" ተባለ። በ2009 ከጭቃው አወጡት፤ መነጽሩ ጠፍቶ ነበር። ቡድኑ ግን ዋንጫውን ያየው በ2023 ነው።

ስለ ምግቧ አሳጥሬ ማውራት አልችልም። ታኮያኪ ማለት ውስጡ የኦክቶፐስ ቁራጭ ያለበት የሊጥ ድቡልቡል ነው። ሠሪው ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ብረት ምጣድ ላይ ቀጭን ሊጥ ያፈሳል፤ ኦክቶፐሱን፣ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ይበትንበታል። ከዚያ በወስፌ መሳይ ብረት ጠርዙን ቆረጥ አድርጎ እያንዳንዱን ያገላብጣል። እጁ ስለሚፈጥን ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ደብዝዟል። ቸኩሎ የጎረሰ ምላሱን ይላጣል፤ እኔ ለሁለት ቀን ጣዕም አልለየሁም። ኦኮኖሚያኪ ደግሞ በጥቅል ጎመንና በእንቁላል የሚወፍር ቂጣ ነው። ሂሮሺማዎች "የእኛ ነው" ይላሉ፤ የእነሱ አሠራር ሌላ ነው፣ የኦሳካው ይበልጣል። በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ የሚቀርበው ሱሺም በ1958 የተጀመረው እዚሁ አጠገብ፣ ሂጋሺኦሳካ ነው። በዚያው ዓመት ሞሞፉኩ አንዶ በፈላ ውሃ ቶሎ የሚደርሰውን ፈጣን ኑድል የፈለሰፈው የኦሳካ ግዛት በሆነችው ኢኬዳ ነው።

በ1920ዎቹ ኦሳካ በፋብሪካ ጭስ ታፍና ለጥቂት ዓመታት በሕዝብ ቁጥር ቶኪዮን በልጣ ነበር። የምድር ባቡሯ በ1933 ተከፈተ። በ1945 የአሜሪካ ቦምብ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። በ1970 የዓለም ኤክስፖን አዘጋጀች፤ 64 ሚሊዮን ጎብኚ መጣ። በኤስካሌተር ላይ ቶኪዮ በግራ ሲቆም ኦሳካ በቀኝ የሚቆመው ከዚያ ኤክስፖ ወዲህ ነው ይባላል። በ2025 ኤክስፖው ተመልሶ ዩሜሺማ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተካሄደ፤ ኢትዮጵያም ተካፍላለች።

ለእኛ ግን ኦሳካ የሩጫ ከተማ ናት። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ በዓመቱ እዚህ መጥቶ የማይኒቺን ማራቶን አሸንፏል። ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው። የኮቤው ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ያረፈበት ድረስ ሄዶ እንዳግባባው ይተረካል። ድርጅቱ ዛሬ አሲክስ የምንለው ነው።

ከዚያ 2007 መጣ፤ የዓለም ሻምፒዮና፣ በነሐሴ መጨረሻ በሚያፍነው ወበቅ። በመጀመሪያው ቀን ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ ሜትር መሃል ላይ ወደቀች። ሆዷንም ይዛ ስትሮጥ ይታይ ነበር። ሌሎቹ ርቀው ሄዱ። ቤት ውስጥ "አለቀላት" ብለን ነበር። አንድ በአንድ ደረሰችባቸው፤ መጨረሻው ዙር ላይ ጥላቸው ሄደች። ቀነኒሳ በቀለም በ10 ሺህ አሸነፈ፤ ስለሺ ስህን ቀድሞት ሲወጣ የሚበልጠው መስሎን ነበር፤ ሁለተኛ ሆነ። 5 ሺው የመሠረት ደፋር ሆነ። ኢትዮጵያ ከዚያ ይዛ የወጣችው ሦስት ወርቅና አንድ ብር ነው።

ውድድሩ የተካሄደበት ናጋይ ስታዲየም ከመሃል ከተማ በቀዩ የሚዶሱጂ መስመር ይደረሳል። ዙሪያው መናፈሻ ነው፤ የሰፈሩ አዛውንቶች ሶምሶማ ይላሉ። እኔ የሄድኩ ቀን በሩ ዝግ ነበር። ያለኝ ፎቶ በአጥሩ ክፍተት የተነሳ ነው፤ የመሮጫው ጥግ ትንሽ ይታያል።