ሶም፦ ስሙን ጦርነት የወሰደበት ወንዝ

«ሶም» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጭቃ፣ ጉድባና መትረየስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የተዋጉበት ቦታ ነውና። እውነቱን ልናገርና እኔም ለረጅም ጊዜ ሶም ወንዝ መሆኑ ትዝ አይለኝም ነበር። አንድ ቀን ካርታ ዘርግቼ ሰማያዊዋን መስመር ከምንጯ እስከ ባሕሩ ተከተልኳት። ስለዚህ ወንዝ ከማውቀው ውስጥ ግማሹ ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። ወንዙን ለመረዳት ከውሃው ይልቅ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ማወቅ ይጠቅማል። ሰሜን ፈረንሳይ ያለው የፒካርዲ ምድር ከአፈሩ በታች ጠመኔ ነው። አዎ፣ ያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት ነጭ ድንጋይ። እሱን ያዙልኝ፣ እየተመላለሰ ይመጣል። (ዓመተ ምህረቱ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጅ ነው።)

«ሶም ትልቅና ኃይለኛ ወንዝ ነው»

ኧረ ምኑም ኃይለኛ አይደለም። ርዝመቱ 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳን-ካንተን ከተማ አጠገብ ፎንሶም ከምትባል መንደር ይነሣል። ምንጩ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር አይሞላም። ቁልቁለት ስለሌለው አይቸኩልም። እየተከፋፈለ፣ ረግረግና ኩሬ እየሠራ፣ በፔሮን፣ በአሚያንና በአብቪል አልፎ ሳን-ቫለሪ ላይ ከእንግሊዝ ቻናል ጋር ይገናኛል። ጠመኔው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይመጥና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ወንዙ በበጋም ብዙ አይጎድልም፣ በክረምትም በአንድ ሌሊት አይቆጣም።

ይህን ዝግታ በደንብ የሚያሳየው አሚያን ነው። ከተማው ሥር ኦርቲዮናዥ የሚባሉ፣ በቦይ የተከበቡ የአትክልት ቦታዎች አሉ። በጠቅላላው ወደ 300 ሄክታር ይሆናሉ። ገበሬው ወደ ማሳው የሚሄደው በታንኳ ነው። ታንኳዋ ጠፍጣፋ ሆና አፍንጫዋ ረዘም ብሎ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። ለምን መሰላችሁ? ዳርቻው ለስላሳ አፈር ነው፤ ታንኳዋ ብትገጨው ይናዳል። አፍንጫዋ ግን ዳርቻው ላይ ተንሸራትቶ ይወጣል፣ ባለቤቱም የጎመን ሳጥኑን ይዞ በላዩ ይራመዳል።

«የወንዙ ታሪክ የሚጀምረው በ1916 ነው»

ረግረግ ያለበት ወንዝ ለጦር አዛዥ ራስ ምታት ነው። ዋኝተህ አትሻገረው፣ ረግጠህ አትሄድበት። ስለዚህ የሶም ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት የድልድይና የመልካ ታሪክ ነበር። አሚያንን ሮማውያን ሳማሮብሪቫ ይሏት ነበር፤ «የሳማራ ድልድይ» ማለት ነው፤ ሳማራ የወንዙ የጥንት ስም ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም በ1066 እንግሊዝን ሊወር ሲነሣ ምቹ ነፋስ እየጠበቀ የቆየው ሳን-ቫለሪ፣ እዚሁ ወንዝ አፍ ላይ ነው።

እኔን ግን የሚማርከኝ የ1346ቱ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ከፈረንሳይ ጦር እየሸሸ መጥቶ ሶም ላይ ተቀረቀረ። ድልድዮቹ ወይ ፈርሰዋል ወይ ይጠበቃሉ። በመጨረሻ ከአብቪል በታች ብላንሽታክ የሚባል መልካ ተገኘ። ስሙ «ነጩ ምልክት» እንደ ማለት ነው፤ ወለሉ ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ነው ይባላል። ጠመኔያችን መጣ! ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚታለፈው። የእንግሊዝ ጦር ማዶ የቆመውን ኃይል እየተዋጋ ተሻገረ። ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ የፈረንሳይ ዋና ጦር ወዲህ ማዶ ቆሞ ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 26፣ ክሬሲ ላይ ኤድዋርድ አሸነፈ።

በ1415 ሄንሪ 5ኛ ያንኑ መልካ ፈልጎ መጣ። ዘንድሮ ግን ይጠበቅ ነበር። ወንዙን ተከትሎ ቀናት ሙሉ ሽቅብ ተጓዘና ከፔሮን በላይ ተሻገረ። አዜንኩር ላይ የተዋጋው ከዚያ በኋላ ነው።

«የሶም ጦርነት ወንዙ ዳር የተካሄደ ነው»

በከፊል ብቻ። ወንዙ የሚያልፈው በውጊያው ሜዳ ደቡባዊ ክፍል ሲሆን፣ እዚያ በሁለቱም ዳር የነበሩት ፈረንሳዮች ናቸው። እንግሊዞች የነበሩት በስተሰሜን፣ አንክር የምትባለው ትንሽ ገባር ወንዝ በምታልፍበት አካባቢ ነው። ሴር የምትባለው መንደር ከሶም ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚያ የወደቁት ብዙዎቹ ወንዙን በዓይናቸው ላያዩት ይችላሉ።

ስለ ሴር ካነሣን አይቀር፦ እኛ «የወንዜ ልጅ» እንላለን። እንግሊዝ በዚያ ጊዜ የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆችን አንድ ሻለቃ ውስጥ አሰልፋ ነበር። «አብራችሁ ተመዝገቡ፣ አብራችሁ ትዋጋላችሁ» ተባሉ። ከአክሪንግተንና ከአካባቢዋ የመጡት የወንዝ ልጆች ጁላይ 1 ቀን 1916 ሴር ላይ ወጡ። ከ700 ገደማ ሰዎች 584ቱ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። የአንድ ትንሽ ከተማ መርዶ በአንድ ጠዋት።

«የእንግሊዝ ጦርነት ነው፣ ቬርደንን ለማዳን የተከፈተ»

ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር። ዕቅዱ የተነደፈው በዲሴምበር 1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሻንቲዪ ላይ ነው። ጀርመን የፈረንሳይን ምሽግ ከተማ ቬርደንን ያጠቃችው ግን ፌብሩዋሪ 1916 ነው። በመጀመሪያ ትልቁን ድርሻ የምትወስደው ፈረንሳይ ነበረች። ቬርደን ጦሯን ስለበላው ነው ሚዛኑ ወደ እንግሊዝ ያጋደለው። ያም ሆኖ ፈረንሳይ በዚህ ውጊያ 200,000 ያህል ሙትና ቁስለኛ አስመዝግባለች። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ያሰበችውን መሬት ይዛለች፤ ከባድ መድፏ ብዙ ነበርና።

አውሮፓውያን ብቻም አልነበሩም። የምዕራብ አፍሪካ ተኳሾች በፈረንሳይ በኩል ተሰልፈዋል። ወንዙ አፍ አጠገብ ኖየል-ሱር-ሜር የሚባል ቦታ ደግሞ ከ800 በላይ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች የተቀበሩበት መካነ መቃብር አለ።

«የሰባት ቀን መድፍ ሁሉንም ጠራርጎ ነበር»

የእንግሊዝ አዛዦች እንዲህ ነበር ያሰቡት። 1.5 ሚሊዮን ያህል የመድፍ ጥይት ተተኮሰ። ብዙው ግን የሽቦ አጥሩን አልቆረጠም፣ ብዙው ጭራሽ አልፈነዳም። ጀርመኖች ደግሞ ጠመኔውን ቆፍረው እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ዋሻ ሠርተዋል። መድፉ ዝም ሲል መትረየሳቸውን ይዘው ወጡ።

ቆፋሪው ጀርመን ብቻ አልነበረም። ላ ብዋሴል መንደር አጠገብ እንግሊዞች ከጀርመን ምሽግ ሥር ዋሻ እየቆፈሩ ነበር። ድምፅ እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀዋል። አንዱ ሳንጃውን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ያዞራል፣ ሌላው የወደቀውን ድንጋይ መሬት ሳይነካ በእጁ ይቀልባል። ዋሻው ውስጥ ያጨቁት ፈንጂ ጁላይ 1 ከጠዋቱ 1፡28 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፈነዳ። የተወው ጉድጓድ ስፋቱ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬም አለ።

«ጦርነቱ የአንድ ቀን እልቂት ነው»

ያ ቀን በርግጥ ልብ ይሰብራል፦ 57,470 የእንግሊዝ ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ፤ ከእነሱ 19,240ው የሞተ። ውጊያው ግን እስከ ኖቬምበር 18 ድረስ 141 ቀን ቆየ። ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጊያ የወጣው በመሃሉ፣ ሴፕቴምበር 15 ነው። በሁለቱም ወገን ሙትና ቁስለኛው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ፤ የተገፋው መሬት ግን ሩቅ በተባለው ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በነዚሁ ወራት አዲስ አበባ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ተወካዮች «ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘነበለ» እያሉ ግፊት ያደርጉ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 በእኛ አቆጣጠር ከሥልጣን ወረደ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ሲሆን ሶም ላይ ገና እየተዋጉ ነበር።

«ከ1918 በኋላ ወንዙ አረፈ»

አላረፈም። ሜይ 20 ቀን 1940 የጀርመን ታንኮች አብቪል ደርሰው የተባበሩትን ጦር ለሁለት ቆረጡት። በወሩ መጨረሻ ያኔ ገና ስሙ ያልገነነው ሻርል ደ ጎል ከተማዋን ለማስለቀቅ አጠቃ፤ ብዙ ቢገፋም አላስለቀቀም። ሶም የፈረንሳይ የመጨረሻ መከላከያ መስመር ሆነ፤ ጁን ላይ እሱም ተሰበረ።

«በ2001 ፓሪስ ጎርፏን ወደ ሶም ላከችብን»

ይህ ለኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። በ2001 የጸደይ ወራት አብቪልና አካባቢዋ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ነበሩ። ዝናቡ ጋብ ብሎም ውሃው አይወርድም። ሰዉ ግራ ገባው። ወዲያው ወሬ ተነሣ፦ ፓሪስ የ2008ን ኦሎምፒክ ለማዘጋጀት ስለምትወዳደር፣ እንዳትጥለቀለቅ ውሃዋን በቦይ አዙራ ወደ ሶም ለቀቀችው። ቦይ በርግጥ አለ፣ የኦይዝን ሸለቆ ከሶም ጋር ያገናኛል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዦስፓ አብቪል ሲመጡ ነዋሪው ፊት ለፊት ጠየቃቸው።

በሕዝቡ አልፈርድም። በጦርነትም በሰላምም ከዋና ከተማ የሚመጣ ትእዛዝ ሲጎዳው የኖረ አገር ነው። የተደረገው ምርመራ ግን ያንን አላገኘም። ለወራት የወረደውን ዝናብ ጠመኔው መጥጦ መጥጦ ጠገበ፤ ከዚያ የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ መጣ። እንደ ስፖንጅ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ነው ዝናቡ ካባራ በኋላም ያልጎደለው። ቤታቸውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ያጠሩ ሰዎች ነበሩ። ውሃው ግን በበር አልመጣም፤ ከምድር ቤቱ ወለል ፈለቀ።